መነጽሬና የአጋሮው በር

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «አንድ ዓይንህን ጨፍን» የሚል ነበር። ከከምባታ መጥቼ ጅማ ከገባሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም ነበር። መንደራ ቆጪ የሚባል ሰፈር ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለ ሲሉኝ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ባለቤቱ ሐጂ ከማል ያኔ ገና ሐጅ አላደረጉም፤ ቁጡ፣ ፈጣን፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ጎልማሳ ነበሩ።

«ምን ትችላለህ?» አሉኝ።

«ሁሉንም» አልኳቸው። አፌ እንደዚህ ነው፤ ከድሮም።

ሳቁና ግድግዳ ላይ ከተደገፉት ጣውላዎች አንዱን አንስተው ጫፉን እጄ ላይ ጣሉት። «ሁሉን የምትችል ከሆንክ እስቲ አንድ ዓይንህን ጨፍንና ንገረኝ። ቀጥ ያለ ነው?»

አጎቴ አገር ቤት በርና አልጋ ይሠራ ስለነበር አስተያየቱን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ጣውላውን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ አገጬን ወደ ላይ ቀና አድርጌ፣ በአፍንጫዬ አጠገብ ቁልቁል ጠርዙን እስከ ጫፍ ድረስ አየሁት። «መሐሉ ላይ ትንሽ ወደ ግራ ሸሽቷል» አልኩ። ሐጂ ክር አምጥተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠሩ። ሸሽቷል። በማግሥቱ ጠዋት መላጊያ ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲያ ስሜ ሄራሞ መሆኑን ከሐጂ በቀር የሚያስታውስ የለም። ሌላው ሁሉ «ውሃ ልክ» ይለኛል። ውሃ ልክ ማለት ያ በመስታወቱ ውስጥ አረፋ ያለው፣ እንጨቱ መዝመም አለመዝመሙን የሚናገረው መሣሪያ ነው። ሐጂ በሥራ ቤቱ አንድ ሕግ አወጡ፤ ማንኛውም ዕቃ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት እኔ ፊት ይቆማል። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ዳር ዳሩን አየዋለሁ። «ይውጣ» ካልኩ ይወጣል፤ «ይግባ» ካልኩ ይገባል። አንድ ጊዜ የሐጂ የገዛ አማቻቸው ያዘዙትን የሙሽራ አልጋ «ይግባ» ብዬ መለስኩት። ሐጂ ጥርሳቸውን ነከሱ እንጂ አልተቃወሙኝም። አልጋው ተስተካክሎ ወጣ፤ ሙሽሮቹም ይኸው እስከ ዛሬ ይተኙበታል።

በዚህ ዓይኔ ያለፈው ሥራ መቼም ተዘርዝሮ አያልቅም። ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ልጆች የማጥኛ ጠረጴዛ ሠርተናል። ለደዶ ከተማ ሱቆች መደርደሪያ፣ ለቡና ነጋዴዎች መልቀሚያ ጠረጴዛ፣ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበሮች ሠርተናል። የማሽን መጋዙን የያዘው ኑረዲን ይቆርጣል፤ እኔ እልጋለሁ፣ እገጥማለሁ። ኑረዲን ማሾፍ ካልቻለ ይታመማል። እኔ ደግሞ ካልተቆጣሁ ምሳ አይወርድልኝም። ተስማምተን ኖርን።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የዓይንም ነገር እንደዚያው ነው። መጀመሪያ የሄደብኝ የሜትሩ ቁጥር ነው። ከፊቴ አራቅኩት፤ አሁንም አራቅኩት፤ በመጨረሻ ክንዴ አጠረኝ። «የዘንድሮ ሜትር ቁጥሩን እንደ ቅማል አሳነሱት» ብዬ ፋብሪካውን ተራገምኩ። ቀጥሎ መብራቱን ወቀስኩ። ከዚያ ኑረዲንን፤ «ይሄ የመጋዝህ ብናኝ ነው ዓይኔን ያጠፋው» አልኩት። እሱ ግን «ብናኙ የእኔንስ ዓይን ለምን ማረው?» አለኝ።

ከመንገድ ላይ አዟሪ መነጽር ገዛሁና ደብቄ አደረግኩት። ለአንድ ቀን ያህል ሜትሩን አነበብኩበት፤ ማታ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ለማንም አልተናገርኩም። አናጢ ዓይኑ ደከመ ከሚባል እጁ ተቆረጠ ቢባል ይሻለዋል፤ ለተቆረጠ እጅ ሰው ያዝናል።

ከዚያ የደዶው መደርደሪያ ተመለሰ። እኔው ነበርኩ አይቼ «ይውጣ» ያልኩት። ባለ ሱቁ የዘይት ጀሪካኖቹን ሲደረድርበት ወደ አንድ ጎን እየተንሸራተቱ ወረዱበት አሉ። ሐጂ ከሰው ለይተው ከኋላ ወዳለው የእንጨት ማድረቂያ ጠሩኝ።

«ሄራሞ፣ ዓይንህ ደክሟል» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ነው ሐጂ! እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ...»

«እንጨቱን ተወው፤ እንጨቱ አፍ የለውም። አጋሮ ያሉት ወይዘሮ፣ አደ ዘሃራ፣ አዲስ ቤት እየሠሩ ነው። ለፊት ለፊቱ ባለ ሁለት ክንፍ የዋንዛ በር አዘውኛል። ወንድሞቻቸው ሁሉ ብረት አድርጊ እያሏቸው እኔን አምነው ነው። ይህን በር የሚሠራው የሚያይ ሰው ነው። ወይ ሄደህ ትመረመራለህ፤ ወይ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ከፊት ሱቁ ተቀምጠህ ደንበኛ ታስተናግዳለህ።»

አናጢን ከመላጊያው አንስቶ ወንበር ሻጭ ማድረግ! ቅስሜ ተሰበረ። የፊት ሱቁን አውቀዋለሁ፤ ዕቃ ጠርጎ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ «ግቡ፣ ግቡ» ሲሉ መዋል ነው። እዚያ የተቀመጠ አናጢ ተመልሶ ወደ ውስጥ ሲገባ አይቼ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ለአስቴር ነገርኳት። ታዝንልኛለች ብዬ ነበር።

«ዓይንህስ ይታከማል» አለች። «የታወረው ኩራትህ ነው፤ ለእሱ ነው ሐኪም የሌለው።»

ሄድኩ። የዓይን ክሊኒኩ ውስጥ የመነጽር ክፍሉን የያዘችው ሲስተር ምሕረት የምትባል ልጅ ናት፤ ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ ግን አነጋገሯ እንደ ዳኛ ነው። ግድግዳው ላይ ባለ ሦስት እግር ፊደል ተደርድሯል፤ ከላይ ትልቅ፣ ወደ ታች እያነሰ ይወርዳል።

«ይሄኛው እግሩ ወዴት ነው ጋሼ?»

«የቱ እግር? እኔ የሚታየኝ ጉንዳን ነው።»

አልሳቀችም። ከባድ የብረት ፍሬም አፍንጫዬ ላይ ጭና መስታወት ታስገባለች፣ ታወጣለች። «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ትላለች። እኔም እንደ ፈተና ተማሪ ላብ ላብ ይለኛል። አንዱን ስታስገባ ግን ጌታን! ጠርዝ መጣ። የፊደሉ ጠርዝ በሹል መሮ የተቆረጠ መስሎ ብቅ አለ። «ወደ ቀኝ! ወደ ላይ! ወደ ግራ!» እያልኩ እስከ ታች ድረስ ስጮህ ከውጭ ወረፋ የያዙት ሰዎች በሩን ከፍተው አዩኝ።

መነጽሩ ሲደርስ አስረዳችኝ። «ላይኛው ክፍል ለሩቅ ነው። ከታች ያለችው ግማሽ ጨረቃ የመሰለችው ደግሞ ለቅርብ ናት። እስኪለምዱት ሁለት ሳምንት ያህል ያስቸግርዎታል። ደረጃ ሲወርዱ አይቸኩሉ። ደግሞ አያውልቁት፤ አሥር ጊዜ ካወለቁት አይለምዱትም።»

«እህቴ፣ እኔ መላጊያ የለመድኩት በሦስት ቀን ነው» አልኳት። አፌን ነግሬአችኋለሁ።

ከበሩ ስወጣ መሬቱ ተነሥቶ መጣብኝ። እግሬን ቦይ እንደሚሻገር ሰው ከፍ አድርጌ ሳሳርፍ መሬቱ የለም፤ ዝቅ ብሎ ይጠብቀኛል። ባጃጅ አቁሞ የሚጠብቅ ልጅ «ፋዘር፣ ጭፈራ ነው እንዴ?» አለኝ። ልሳደብ ስዞር የባጃጁ ደረጃ ሁለት ሆኖ ታየኝና ቅልጥሜን ገጨሁት። ግን በመንገዱ ሁሉ የቤቱን ቆርቆሮ ሽንትር በሽንትር እያየሁ ሄድኩ። የዛፉን ቅጠል አንድ በአንድ አየሁት። ለካ ዓለም ይህን ሁሉ ጠርዝ ይዞ ነው የተቀመጠው! ደስ አለኝ፤ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

ቤት ገብቼ አስቴርን ትኩር ብዬ አየኋት።

«ምን ያስፈጥጥሃል?»

«ማድያት አለብሽ እንዴ?»

«ወይ ጉዴ!» አለች፣ የያዘችውን ማማሰያ አስቀምጣ። «ስንት ዓመት ፊትህ ስመላለስ ዛሬ ነው ያየኸው? ቆንጆ ነሽ ስትለኝ የኖርከው ሳታየኝ ነዋ! በል ይሄን ነገር ወደ መጣበት መልስልኝ!»

«አሁንማ ሳይሽ በለጥሽብኝ» አልኳት። ራት በሰላም ቀረበ።

በማግሥቱ ሥራ ቤት ስገባ ኑረዲን ማሽኑን አጠፋ። «ዶክተር መጡ! ዶክተር፣ ወገቤን ያመኛል፤ ምን ልዋጥ?» አለ። «ምላስህን ዋጥ» አልኩትና ወደ ዋንዛው ሄድኩ።

ስለ ዋንዛው ልንገራችሁ። ሐጂ ከጣሪያው ሥር ሲያደርቁት የኖሩት ነው፤ ለልጅ እንኳ የማይሰጥ። ለበር ክንፍ የሚበቃ ቁመት ያለው ሌላ ዋንዛ በቤቱ የለም። ባለ ሁለት ክንፍ በር ላይ ነፍሱ ያለችው ሁለቱ ክንፎች መሐል ላይ በሚገናኙባቸው ቋሚዎች ላይ ነው። እነሱ ከጎበጡ በሩ ወይ አይዘጋም፣ ወይ ሲዘጋ ያስቃል።

የመጀመሪያውን ቋሚ አነሣሁ። እንደ ልማዴ አገጬን ቀና፣ አንድ ዓይን ጭፍን፣ ጠርዙን ቁልቁል ስመለከት መሐሉ ላይ ጉብታ አለ። በግልጽ! እንደ ግመል ሻኛ! «አየህ ኑረዲን! ያለ መነጽሩ እኮ ይህ አይታየኝም ነበር» አልኩና መላጊያውን ጫንኩበት። ላግኩ፤ አየሁ፤ ጉብታው አለ። ደግሜ ላግኩ፤ አሁንም አለ። ፍቅፋቂው ቁርጭምጭሚቴን ዋጠው።

«አንተ ሰውዬ፣ አይበቃም?» አለ ኑረዲን።

«ዝም በል፤ አንተ አይታይህም!»

ኑረዲን ክሩን አመጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠረው። መሐሉ ላይ፣ ከክሩ ሥር፣ ጣቱን አስገባ። ጣቱ ገባች። ጉብታ የለም፤ ጉብታም አልነበረም። ቀጥ ያለውን ዋንዛ እኔው ቆፍሬዋለሁ። ኑረዲን አላሾፈም። ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐጂ ለጁምዓ ሊወጡ ሲሉ አዩት። ክሩን ያዙ፤ እንጨቱን ዳሰሱት። «ዋንዛዬን...» ብቻ አሉ። በኋላ «ሰኞ ማን እንደሚሠራው እነግርሃለሁ» ብለው ወጡ። ከአነጋገራቸው ሰኞ የት እንደምቀመጥ ገባኝ። መነጽሩን አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።

«መነጽሩስ?» አለች አስቴር ስገባ።

«እሱ ነው ዋንዛ ያስበላኝ!»

«መላጊያውን የገፋው መነጽሩ ነው?» አለች። እሑድ ጠዋት ግን ለቤተ ክርስቲያን ስንነሣ ከኪሴ አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ አፍንጫዬ ላይ አደረገችልኝ። «ሌላው ቢቀር ፓስተሩን ትክክል እየው» አለችኝ።

ከኋላ፣ መተላለፊያው ዳር ተቀመጥኩ። ስብከቱ ተጀምሯል፤ እኔ ግን ልቤ ዋንዛው ጋ ነው። ወደ ኋላ ተለጥጬ፣ አገጬን አንስቼ ሳይ፣ ከእግሬ ሥር ተነሥቶ እስከ መድረኩ የሚሄደው የመተላለፊያው ጠርዝ መሐሉ ላይ ሰበር ብሎ ጎበጠ። ያው ጉብታ! ሲሚንቶ እኮ ነው፤ እንደ እንጨት አይጎብጥም። ለጸሎት ራስ ሲደፋ እኔም አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ አድርጌ በቅንድቤ ሥር ሰርቄ አየሁ። ጠርዙ እንደ ክር ቀጥ አለ።

አገጬን አነሣሁ፤ ተሰበረ። ዝቅ አደረግኩ፤ ቀና። አነሣሁ፤ ዝቅ አደረግኩ። ገባኝ! አገጬን ሳነሣ ለእኔ የሚቀርበውን ግማሽ በታችኛዋ ጨረቃ፣ ሩቁን ግማሽ በላይኛው መስታወት ነው የማየው። አንዱን መሥመር በሁለት መስታወት ከፍዬ፣ በማይገጥም መጋጠሚያ እያየሁ ነው። ሌላው ሰው በዚህ መነጽር ደረጃ ላይ ይደናቀፋል፤ እንደ አናጢ አገጩን ሰቅሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድን ጠርዝ ከአፍንጫው ሥር እስከ ጫፍ የሚያይ ግን ማን አለ? ሲስተር ምሕረት ይህን ከየት ታውቀዋለች!

አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ወርቅነሽ ራሴ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል አይተው አንገቴ የታመመ መሰላቸው። እጃቸውን ማጅራቴ ላይ ጫኑና «ጌታ ይንካህ ወንድሜ!» አሉ።

«አሜን! ነካኝ!» ብዬ ጮህኩ። ከእውነቴ ነው። አዳራሹ ሁሉ «ሃሌሉያ!» አለ። አስቴር ከፊት ወንበር ዞር ብላ ስታየኝ በመነጽሬ የግንባሯን ሽብሽብ አንድ በአንድ አየሁት።

ሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። የመላጊያ ጠረጴዛዬ እግሮች ሥር ቁራጭ ጣውላ ደርቤ ከፍ አደረግኩት፤ ጎንበስ ሳልል፣ አገጬን ሳልሰቅል በላይኛው መስታወት ብቻ እንዳይ። የቅርቡ ጫፍ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ይደብዝዝ። ኑረዲን ሲገባ ያዝኩት።

«እንጨት አምጣ። የፈለግከውን። እኔ እናገራለሁ፤ ከዚያ አንተ ክር ትወጥራለህ።»

አመጣ። «ቀጥ ያለ ነው» አልኩ፤ ወጠረ፤ ቀጥ ያለ ነው። ሌላ አመጣ። «ጫፉ ላይ ወድቋል።» ወድቋል። ኑረዲን ነገሩ ጣመውና የማገዶውን ክምር ሁሉ መጎተት ጀመረ። ለካ ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ቀስ ብለው ገቡና ራሳቸው አንድ ጣውላ መርጠው አቀረቡልኝ።

«ይሄስ?»

አገጬን ዝቅ አደረግኩ። «ይሄ አልጎበጠም ሐጂ፤ ተጣሟል። ከወዲያኛው ጫፍ።»

ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። አንዱ ማዕዘን ከጠረጴዛው ተነሥቶ ተንገዳገደ። ሐጂ ወደ ዋንዛው ዞሩ።

«ዋንዛውስ?»

«አቀናዋለሁ። ከወርዱ ጣት ያህል ይጎድላል። መቃኑ ገና ስላልተቆረጠ ያን ያህል አወፍረዋለሁ፤ በሩ ቦታውን ይሞላል።»

«ሌላ ዋንዛ የለኝም ሄራሞ።»

«አውቃለሁ።»

«ይሄን ካበላሸኸው...»

«እርስዎ ሳይነግሩኝ ሄጄ ከፊት ሱቁ እቀመጣለሁ።»

ሐጂ ክሩን ከኑረዲን እጅ ወስደው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ቢስሚላህ በል ጀምር» አሉኝ። «በኢየሱስ ስም» ብዬ ጀመርኩ። እኔና እሳቸው ስንጀምር ሁሌም እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ።

በዚያ ሰሞን ላግ፣ እይ፣ ክር ወጥር፣ ላግ ሆነ ሥራዬ። ዓይኔን ብቻ ማመን አልደፈርኩም፤ ክሩ ይመስክር አልኩ። ቀን በቀን ግን የእኔና የክሩ ነገር እየተቀራረበ መጣ። መሬቱ መነሣቱን ተወ። ደረጃው አንድ ብቻ ሆነ። ወንዴና ሴቴ መጋጠሚያዎቹን ስቆርጥ የእርሳሱን መሥመር ስንጥቅ አድርጌ በመሐሉ ስሄድ ለራሴ ማፏጨት ጀመርኩ። ኑረዲን «ዶክተሩ ቀዶ ጥገና ላይ ናቸው፤ አትረብሹ» ይላል። አልተቆጣሁም።

በሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በአይሱዙ ጭነን አጋሮ ወሰድነው። አደ ዘሃራ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ረጅም ናቸው፤ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው አስረዋል። ቡና ሲነግዱ የኖሩ ሴት ናቸው። አጠገባቸው ብረት አድርጊ ይሉ ከነበሩት ወንድሞቻቸው አንዱ ክንዱን አጣጥፎ ቆሟል።

«አካም ጂርተን አደ ዘሃራ» ብዬ በምችለው ኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«ነጋዳ፣ ደህና። ሐጂ የነገሩኝ ባለ በር አንተ ነህ?» አሉኝ፤ መነጽሬን ትኩር ብለው አዩት። «ስማኝ ኦቦ ሄራሞ፤ እኔ ቡና ስገዛ ጆንያውን ከውጭ አላይም። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከሥሩ ነው የማወጣው። በሩንም እንደዚያው ነው የማየው። መስኮቶቹ ገና በጣውላ የተመቱ ናቸው። በሩን ትዘጋላችሁ፤ ከውስጥ ሆኜ አያለሁ። በመጋጠሚያው ብርሃን ከገባ፣ ማሎ፣ እባካችሁ፣ በራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «እሺ ይበሏቸው» አልኩ፣ ለእሳቸውም ለራሴም።

መቃኑን አቆምን፣ ውሃ ልኩን አየን፣ ማጠፊያዎቹን አሠርን። ክንፎቹን ስንሰቅል አገጬን ዝቅ አድርጌ የመሐሉን መሥመር ከላይ እስከ ታች አየሁት። የቀኙ ክንፍ ፀጉር ያህል ወርዷል።

«ፈትተን እናንሣው» አልኩ።

«አይታይም እኮ!» አለ ኑረዲን፤ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

«ለእኔ ይታየኛል።»

ፈታን። ከማጠፊያው ሥር ስስ ስንጥር አስገብተን መልሰን አሠርን። ፀሐዩ ከፊት ለፊት በሩን ሲመታው «በሉ» አሉ አደ ዘሃራ፤ ሁላችን ገባን። ሁለቱን ክንፎች በሁለት እጄ ይዤ ወደ ራሴ ሳብኳቸው። እጅ ለእጅ እንደሚመታ ሰው ጥፍ ብለው ተገናኙ።

ጨለመ። ድቅድቅ አለ። አደ ዘሃራ እየዳሰሱ ወደ በሩ ሲጠጉ የቀሚሳቸው ድምፅ ይሰማል። ከላይ ጀመሩ፤ ግንባራቸውን እንጨቱ ላይ አስጠግተው ቁልቁል ወረዱ። ወንድማቸው ከታች ተንበርክኮ ይፈልጋል። እኔም ዓይኔን አፍጥጬ መሐሉን አየሁ፤ ምንም የለም። ደግሜ አየሁ። ምንም!

«ማሻአላህ!» አሉ ከጨለማው ውስጥ። «በቀን አስመሸብኝ እኮ! ጋሪዳ! ግሩም ነው!»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ።

«ስሙ ይባረክ!» ብዬ ጮህኩ። ኑረዲን ጨለማ ውስጥ እኔን መስሎት ሐጂን አቅፎ አገላብጦ ሳማቸው። በሩን ስከፍት ሁለቱም እንደተቃቀፉ ብርሃን ደረሰባቸው። ውጭ የቆሙት የጎረቤት ሴቶች ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እልልታውን አቀለጡት። ወንድምየው ከጉልበቱ ላይ አቧራውን እያራገፈ ክንፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። «ለእኔ ቤትስ እንዲህ ያለ ይገኛል?» አለ።

«ቆይ አንተ፣ የእኔ መስኮቶች አሉ» አሉት አደ ዘሃራ። ወደ ሐጂ ዞሩ። «መስኮቶቹን ማን ነው የሚሠራልኝ?»

«ማን ይሠራል ብለው ነው?» አሉ ሐጂ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። «ያው እሱ ነዋ! ሌላ ማን ዓይን አለኝ!»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን በሰው ፊት ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ፤ አላፍርም። ከመላጊያዬ የሚያነሣኝ ሰው እንደሌለ እዚያ ደጃፍ ላይ፣ በአደ ዘሃራና በጎረቤቱ ፊት ተነገረልኝ።

ስንመለስ ጋቢና ውስጥ በሐጂና በኑረዲን መካከል ተቀመጥኩ። የጅማ ከተማ ሲታይ ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሄራሞ፣ ያቺ የመነጽር ልጅ ክሊኒኳ የት ነው አልከኝ?»

«ለማን ነው ሐጂ?»

«ዝም ብለህ ንገረኝ።» ሳቃቸው አመለጣቸው። «እዚያ ጨለማ ውስጥ ብርሃን ቢገባም እኮ እኔ አላየውም ነበር። የዘይኑን ድምፅ እሰማለሁ እንጂ ፊቷን ካየሁ ቆይቻለሁ።» ዘይኑ ሚስታቸው ናቸው።

ኑረዲን ሰምቷል፤ «ሁለተኛ ዶክተር!» ብሎ የመኪናውን በር በጡጫ መታ። ሾፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት አቆመ።

አሁን በሥራ ቤታችን ከግማሽ በላዩ ባለ መነጽር ነው። የሁላችንም ጠረጴዛ ከፍ ብሏል። ሐጂም ከእነ መነጽራቸው እየዞሩ ድሮ ያላዩትን ጥፋት ሁሉ ስለሚያዩ ሰላም የለንም። የአደ ዘሃራን መስኮቶች ሠርቼ ጨረስኩ፤ የወንድምየውን በርም ሰቀልኩ። ዛሬም መላጊያዬ ላይ ነኝ።

አዲስ መነጽር ላደረገ አናጢ የምለው ይህን ነው። አያውልቀው። አንገቱ እስኪለምድ ድረስ በክር ይሥራ።